ክረምት የከረመ ሞተር ጥቅምት ላይ ለምን እምቢ ይላል?

እሑድ ጠዋት ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፣ ልጆቹ ፈንዲሻ ይሻማሉ። ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነበሩ። የሚኖሩት መርሐቤቴ ውስጥ፣ ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ዳር ባለ ቀበሌ ነው። እንደ ልማዳቸው የልጆቹን ጤና፣ የባለቤቴን ደኅንነት፣ የከተማውን ኑሮ አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «ያ ሞተርህ እምቢ አለ» አሉ።

ነገሩ እንደከበደ የገባኝ «ሞተርህ» ሲሉ ነው። ሲሠራ ሁልጊዜ «ሞተሬ» ነበር የሚሉት።

ሞተሩ እኔና እህቶቼ ዕቁብ ሲወጣልን የገዛንላቸው የውሃ ፓምፕ ነው፤ በቤንዚን የሚሠራ፣ ገመዱ ተስቦ የሚነሳ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲቃረብ ወንድሜ ከወንዙ ዳር አንሥቶ ጎተራው ሥር አስቀመጠው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ የሽንኩርቱ ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ ማሳ የሚገባበት ቀን ሲደርስ አወጣው። ገመዱን ሳበ። ደግሞ ሳበ። ትከሻው እስኪዝል ሳበ። ጎረቤትም መጥቶ አገዘው። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለም።

በመጨረሻ ከከተማ መካኒክ ተጠርቶ መጣ። ካርቡራተሩን ፈታና ከታች ያለችውን ትንሽ ጽዋ ለወንድሜ አሳየው። የግራር ሙጫ የመሰለ ቡናማ ዝቃጭ ደርቆ ተጣብቆባታል። ግንቦት ላይ እዚያው የቀረው ቤንዚን ነው። ማጽዳቱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ መካኒኩ እስኪገኝ ግን ዘጠኝ ቀን አልፏል። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከችግኙ ግማሽ ያህሉ መደቡ ላይ እንዳለ ቢጫ ሆነ። ወንዙ ግን ከማሳው በታች ያለማቋረጥ ይፈስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን ማጣራት የጀመርኩት። መመሪያ አነበብኩ፣ መካኒኮች ጠየቅሁ። ያገኘሁት መልስ ቀላልና የሚያስቆጭ ነው፤ እነዚህን ትንንሽ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሻቸው ሥራ ሳይሆን ሳይዘጋጁ የተኙት እንቅልፍ ነው።

ይህ ደግሞ ገጠር ላሉ ወላጆቻችን ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የምናስነሳው ጄኔሬተር፣ የግቢ ሣር የምናጭድበት ማሽን፣ ውሃ ወደ ሮቶ የምንገፋበት የቤንዚን ፓምፕ ሁሉም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ጥቂት ወር ይሠራሉ፣ ብዙ ወር ይተኛሉ።

ቤንዚንም እንደ ጠላ ነው

ጠላ ሲቆይ እንደሚኮመጥጥ ሁሉ ቤንዚንም ሲቆይ ይበላሻል። ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ አይደለም፤ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ከእነርሱ ውስጥ ቀለል ያሉት ቶሎ ይተናሉ፤ ሞተር በብርድ በቀላሉ እንዲነሳ የሚያደርጉትም እነርሱው ናቸው። እነርሱ ሲሄዱ የቀረው ከአየር ጋር እየተገናኘ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም ሙጫ ይሆናል። ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር የጠበበች ናት። እርሷን ለመድፈን ጠብታ ሙጫ ይበቃል።

ብዙ አምራቾች ሞተሩ ከ30 ቀን በላይ የማይሠራ ከሆነ ቤንዚኑ እንዲወጣ ወይም መከላከያ ፈሳሽ እንዲጨመርበት ይመክራሉ። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 ያለው ጊዜ ግን፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ 125 ቀን ነው። የአባቴ ፓምፕ ከሚፈቀድለት አራት እጥፍ በላይ ነው የተኛው።

ቤንዚኑ ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ነገሩ ይብሳል። በአገራችን ከስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት የሚገኘውን ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ኤታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ከታች ይዘቅጣል፤ የዘቀጠው ውሃ ደግሞ ብረቱን ያዝጋል። በክረምት፣ ግድግዳው ራሱ ሲያልበው፣ ይህ ምን ያህል ሊፈጥን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የመንዝ ውርጭ፣ የሚኔሶታ በረዶ

የእናቴ ወገኖች መንዝ ናቸው፤ መሐል ሜዳ አካባቢ። እዚያ ፓምፕ ያለው አጎቴ ሌላ ጠላት አለበት። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፓምፑ ሆድ ውስጥ ውሃ ቀርቶ ከረጋ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ካጣ ብረቱን ይሰነጥቃል። ለዚህ ነው አጎቴ በበጋው ማታ ማታ የፓምፑን ማፍሰሻ ሳይከፍት የማይተኛው። ፓምፑ የሚያርፈው ለአንድ ሌሊት ብቻ ቢሆንም ውሃውን ያፈሳል።

መንዝ የጓሳን ሣር በጋራ ሕግ ለዓመታት እየዘጋ ሲያሳርፍ የኖረ አገር ነው፤ ልማዱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ማሳረፍና ዝም ብሎ መተው አንድ እንዳልሆኑ ሕዝቡ ያውቃል። መቼ እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ መቼ እንደሚከፈት ተወስኖ ነው ሣሩ የሚያርፈው። ሞተርም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስልዎ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኔሶታ ክረምት ሲገባ ሐይቆቹ ሰው የሚያስኬድ በረዶ ይሆናሉ። ዓሣ አጥማጆች በቤንዚን ሞተር በሚዞር ረጅም መሰርሰሪያ በረዶውን ይበሱና በቀዳዳው መንጠቆ ይጥላሉ። መሰርሰሪያው የሚሠራው ጥቂት የበረዶ ወራትን ብቻ ነው፤ በሙቀቱ ወቅት ጋራዥ ጥግ ይቆማል። ቤንዚኑ ሳይወጣለት የከረመ መሰርሰሪያ በረዶው ሲመለስ ልክ እንደ አባቴ ፓምፕ እምቢ ይላል። የእነርሱ ወቅት ብርዱ ነው፣ የእኛ በጋው፤ ሙጫው ግን አንድ ነው። መፍትሔውም አንድ ነው።

የሰኔው ግማሽ ሰዓት

ከዚህ በታች ያለው ሥራ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አሮጌ ጨርቅና ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ በሠራበት ዕለት ቢሠራ ይመረጣል። ከቤት ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሁን።

በመጀመሪያ ፓምፑ ንጹሕ ውሃ እየሳበ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ ከሆዱ ውስጥ ያለው ደለልና አሸዋ ይታጠባል። ከዚያ ሞተሩን ሳያጠፉ የቤንዚኑን ቧንቧ ብቻ ይዝጉ። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ፓምፑን ያለ ውሃ አያሠሩት። ውሃ ሳይኖር የሚዞር ፓምፕ የውስጥ ማሸጊያው በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ጄኔሬተር ከሆነ ይህ ስጋት የለም።

ሁለተኛው ሥራ ዘይቱን መቀየር ነው። ሞተሩ ለብ እንዳለ ዘይቱ ቀጥኖ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። «አሁን ስለማይሠራ ጥቅምት ላይ እቀይረዋለሁ» ማለት ስህተት ነው። የሠራ ዘይት እርጥበትና አሲድ ይዟል፤ አራት ወር ሙሉ ብረቱን ሲበላ ይከርማል። አብዛኞቹ ትንንሽ ፓምፖች የሚወስዱት ዘይት 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከሚያድነው ነገር አንጻር ወጪው ትንሽ ነው። የወጣውን ዘይት ወንዝ ዳር አያፍስሱት፤ በዕቃ ያጠራቅሙት።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ሲበርድ የጋኑን ቤንዚን በሙሉ ወደ ጀሪካን ያውጡ። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርገው የቀረችውን ጠብታ ያስወጡና መልሰው ያጥብቁ። የአባቴን ችግኝ ያቃጠለችው ይህች ጠብታ ናት።

አራተኛ፣ ካንዴላውን ይፍቱ። ጥቁር ሆኖ ካገኙት አይደንግጡ። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ሳይቃጠል የቀረው ጥላሸት ይሆናል። መንዝ ላይ የሚሠራ ሞተር ጉልበቱ የሚቀንሰውም፣ ካንዴላው ቶሎ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ካንዴላውን አጽድተው ወደ ጎን ያስቀምጡና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ንጹሕ የሞተር ዘይት ያስገቡ። ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቀባዋል። ከዚያ ካንዴላውን ይመልሱ።

አምስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ገመዱን በዝግታ ይሳቡና ከበድ ሲል እዚያው ያቁሙት። በዚያ ቦታ ላይ አየር ማስገቢያውም ጭስ ማስወጫውም በር ዝግ ናቸው፤ የክረምቱ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባበት መንገድ አያገኝም።

መጨረሻ ላይ የአየር ማጣሪያውን ይዩት። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁት፤ ሲደርቅ ጥቂት ዘይት አስነክተው ይጭመቁት። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ አቧራውን ቀስ ብለው ያራግፉት። የፓምፑን የታችኛውን ማፍሰሻ ከፍተው ውሃውን ጨርሰው ያፍስሱ። ጎማዎቹን ሳያጥፉ ክብ አድርገው ጠቅልለው ከፍ ያለ ቦታ ይስቀሏቸው፤ የታጠፈ ጎማ በታጠፈበት ይሰነጠቃል።

የት ይክረም?

እኛ ቤት የተሠራው ሁለተኛው ስህተት ቦታው ነበር። ጎተራው ሥር ደረቅ ይመስላል፤ አጠገቡ ግን የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። ማዳበሪያ እርጥበት እየሳበ በአቅራቢያው ያለውን ብረት ያዝጋል። አይጥም የሚወደው ቦታ ነው፤ ማጣሪያ ውስጥ ጎጆ ትሠራለች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ትቀረጥፋለች።

ሞተር መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ሳንቃ ወይም ድንጋይ ላይ ከፍ ይበል። በጎኑ አይጋደም፤ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። በላስቲክ አይጠቅለል፤ ላስቲክ ላቡን ያፍናል። አየር በሚያስገባ ጨርቅ ይሸፈን። አባቴ አሁን የሚሸፍኑት አጎቴ ከመንዝ በላከላቸው አሮጌ ባና ነው። የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ይወትፉት፤ ነገር ግን ጥቅምት ላይ ማንም ረስቶ እንዳያስነሳው በማስነሻው ገመድ እጀታ ላይ ቀይ ክር ይሰሩበት።

ቤንዚኑስ? እዚህ ላይ ቀልድ የለም

ከጋኑ የወጣው ቤንዚን ገና ትኩስ ከሆነ በዚያው ሳምንት ለሞተር ሳይክል ወይም ለመኪና ይዋል። በጀሪካን ቤንዚን ማግኘት እንደ ልብ ስለማይሆን «ለጥቅምት ይቀመጥ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያኔ ግን ያረጀ ቤንዚን ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አደጋ ነው።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወለል ለወለል ይሄድና ራቅ ብሎ ያለ ምድጃ ጋር ደርሶ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ቤንዚን ማብሰያ ባለበት ቤት፣ አልጋ ሥር፣ መኝታ ክፍል አይቀመጥ። ከሁሉም በላይ በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። ብዙዎቻችን በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጥ ቤንዚን አይተናል፤ ለአምስት ዓመት ሕፃን ግን ሃይላንድ ማለት ውሃ ወይም ጭማቂ ነው።

ምናልባት ልጅ ቤንዚን ቢጠጣ እንዲያስታውክ አያድርጉት። ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የከፋው ጉዳትም ይኸው ነው። ጣት ወደ ጉሮሮ መክተት፣ የጨው ውሃ መስጠት ይቅር። የነካውን ልብስ አውልቀው፣ ቆዳውን በሳሙናና በውሃ አጥበው ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ጄኔሬተር ያላችሁ ቤተሰቦች ደግሞ ይህን አስታውሱ። በዝግ ክፍል የተያያዘ ከሰል ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። ከጄኔሬተር የሚወጣውም ያው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ዝናብ እንዳይነካው ተብሎ በረንዳ ላይ ወይም ጋራዥ ውስጥ አይነሳ። ቢያንስ 6 ሜትር ከቤቱ ይራቅ፤ የጭሱ አቅጣጫም ከበርና ከመስኮት ይዙር።

ጥቅምት ላይ ሲቀሰቀስ

የተዘጋጀ ሞተር ሲቀሰቀስ ጣጣ የለውም። ውታፉን ያውጡ፣ የዘይቱን ልክ ይዩ፣ ንጹሕና አዲስ ቤንዚን ይጨምሩ፣ ፓምፑን በውሃ ይሙሉ። የአየር መዝጊያውን ዘግተው ገመዱን ይሳቡ፤ ሲነሳ ቀስ በቀስ ይክፈቱት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነጭ ጭስ ቢያወጣ አይስጉ፤ ሰኔ ላይ በካንዴላው ቀዳዳ ያስገቡት ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ሞተሩ በአሥር ሳብ ካልተነሳ ጉልበትዎን አይጨርሱ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ቤንዚን ይደርሰዋል? ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል? አየር ያገኛል? መልሱ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ነው። ቤንዚን በካፕ እየቀዱ ካርቡራተር አፍ ላይ ማፍሰስ ግን ፊት ያቃጥላል፤ አይሞክሩት።

ጥሩው ልማድ ደግሞ ሙከራውን ችግኙ ሳይደርስ በመስከረም መጨረሻ ማድረግ ነው። ችግር ቢኖር እንኳ መካኒክ ለመፈለጊያ ሁለት ሳምንት ይተርፋል። የከተማ ጄኔሬተር ግን መቼ እንደሚፈለግ ስለማይታወቅ ሙሉ በሙሉ ባያስተኙት ይሻላል፤ በወር አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ አስነሥተው፣ አምፖል ወይም ፍሪጅ አሸክመው ያሠሩት።

ከስጦታው የቀረው ግማሽ

እኛ ከተማ ያለነው ልጆች ለወላጆቻችን ዕቃ ገዝቶ መላክ ይቀናናል። ፓምፑን ስንልክ ሥራችንን የጨረስን መስሎን ነበር። በካርቶኑ ውስጥ የነበረው መመሪያ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ የተጻፈ ነው፤ አባቴ ሊያነቡት አይችሉም፤ እኔም እንግሊዝኛውን እችላለሁ እንጂ አላነበብኩላቸውም። ከስጦታው ግማሹ ሳይደርሳቸው ቀርቷል።

ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ግን ደወልኩ። ወንድሜ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ድንጋይ ላይ አኖረው፤ እኔ ከአዲስ አበባ እያነበብኩ፣ እርሱ እዚያ እየፈታ፣ አባቴ ከበላይ ሆነው እየተቆጣጠሩ ሁሉንም በተራ ሠራነው። «ገመዱን ቀስ ብለህ ሳብ፣ ሲከብድህ አቁም» ስለው፣ አባቴ «በሬም ሲያርፍ እንዲሁ ዝም ተብሎ አይተውም፤ ይታጠባል፣ ይታያል» አሉ። ከመነሻው እስከ መድረሻው 35 ደቂቃ ፈጀ።

ጥቅምት ላይ እንደገና እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። አባቴ የልጆቹን ጤና፣ የባለቤቴን ደኅንነት፣ የከተማውን ኑሮ አንድ በአንድ ጠየቁ። የሽንኩርቱን ነገር እኔ ነኝ ያነሣሁት።

«ኧረ ተተክሏል! ሞተሬ በሦስተኛው ሳብ ነው የተነሣው» አሉ።